የማሳዎቹ ስም

አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለቄስ ገብረሰንበት

አያ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱን ያቆየሁት ረስቼዎ አይደለም። ያውቁልኛል ብዬ ስለምተማመን እሰንፋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ባለቤትዎ እህተ ማርያም የላከችው በርበሬ በደህና ገብቷል። ደስታነሽ ቀምሳው ዓይኗ እንባ ሞልቶ «የቡሬ ሰው ምን በድየው ነው?» አለችኝ። ሚስቴ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗን የማስታውሰው በርበሬ በመጣ ቁጥር ነው።

ለመስቀል ለምን እንደቀረሁ ጠይቀውኛል። ሰበብ ልፈልግ ነበር፤ ግን አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና እርስዎን በሰበብ ማታለል አይሆንልኝም። ደክሞኝ ነበር። ጂኦግራፊ የማስተምራቸው ተማሪዎች በዝተዋል፣ ወንበሩ አልበዛም። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፤ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ስለ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ። የዕረፍቱን ቀናት ዝም ብዬ መተኛት አማረኝና ተኛሁ።

«በቡሬ ገበያ ይሄይስ ተሹሟል እየተባለ ነው፤ የሰጡህ ነገር ሹመት ነው ወይስ ምጽዋት?» ላሉኝ፣ ሁለቱም አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ ከራሱ በጀት ቀንሶ ለራሱ መምህራን የሚያከፋፍለው የጥናት ድጎማ አለ። መምህሩ «ይህን ልመርምር፣ ለዚህም ይህ መሣሪያ ያስፈልገኛል» ብሎ ያመለክታል። ኮሚቴ ይቀመጣል። ኮሚቴው የወደደው ይሰጠዋል፣ ያልወደደው ለከርሞ ይባላል። እኔ ለከርሞ ሲባል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዘንድሮ አለፈልኝ።

ያለፈልኝ በምን ርዕስ እንደሆነ ቢሰሙ ይስቃሉ። በማሳ ስም ነው። እዚያ እኛ ዘንድ ስም የሌለው ማሳ የለም፤ እያንዳንዱ ስም ደግሞ ያወጣው ሰውና የወጣበት ምክንያት አለው። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው «የማሳ ስም ለአገር ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። «ያ አገር በካርታ ላይ ባዶ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው በአፋቸው የያዙት፤ እነሱ ሲያልፉ ካርታው ባዶ እንደሆነ ይቀራል» አልኳቸው። አመኑኝ አልልም። የደከማቸው መሰለኝ፤ እሺ አሉ።

ከድጎማው ጋር ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ሪከርደር ይሰጡኛል። ለመማሪያ ክፍሌም ሥዕል በግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ ፕሮጀክተር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ተማሪዎቼ የፈጠም ወንዝ ሸለቆ ብዬ በጠመኔ ከምስለው የበግ ጅራት ይገላገላሉ።

ልመናዬ ይህ ነው፦ ከመኸር በኋላ፣ ጥር ላይ ብመጣ ሽማግሌዎቹን ይሰበስቡልኛል? አባባ ክንዱ እንዳይቀሩብኝ። ከእርሳቸው የበለጠ የማሳ ስም የሚያውቅ ሰው እዚያ አገር ያለ አይመስለኝም።

መልስዎን ለአውቶቡሱ ሾፌር ይስጡልኝ፤ ፖስታው ደብረ ማርቆስ ላይ እያደረ የሚመጣ ይመስለኛል።

ታናሽዎ ይሄይስ


ከፈጠም ማዶ
ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ወንድሜ ይሄይስ፣

የአንተም የባለቤትህም ጤና ይብዛ። እኛ አለን። ጤፉ ታጭዷል፣ ዳጉሳው ገና ነው፤ ከቅዳሴና ከአጨዳ የተረፈ ወገብ የለኝም።

ሽማግሌዎቹ ምን አሉ ለምትለው፣ መጀመሪያ ምንም አላሉም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር አስቀምጬ የጻፍክልኝን ሁሉ ነገርኳቸው። የማሳውን ስም፣ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣው ማወቅ ይፈልጋል፤ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም አልኳቸው። በመጨረሻ ሽማግሌው ክንዱ በበትራቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ ተናገሩ።

«አባ፣ ከዚህ ቀደም የመሬታችንን ስም የጠየቀን ሰው ተመልሶ የመጣው የመለኪያ ገመድ ይዞ ነበር።»

«ይሄ ይሄይስ ነው እኮ» አልኳቸው። «እዚሁ እፊታችሁ ያደገው።»

«ይሄይስማ ልጃችን ነው። የላኩት እነማን ናቸው?»

ይህን መመለስ ከበደኝ። ስለ ኮሚቴው የጻፍክልኝን አወጣሁና አነበብኩላቸው። ያልገባቸው አንድ ነገር ነው፤ ለራሱ ሰው የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አይተው አያውቁም። «ከኛ ወስዶ ካልሆነ ከየት አምጥቶ ይሰጠዋል?» አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ።

በሰዉ አትፍረድ። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታውጇል የሚል ወሬ ከፍኖተ ሰላም ደርሷል። ገማቾች እየዞሩ የእያንዳንዱን ሰው ማሳና ምርት ይጽፋሉ ይባላል። ሰዉ ግብሩን ብቻ አይደለም የፈራው፤ ዛሬ የተጻፈ ርስት ነገ የሌላ ይሆናል ብሎ ነው። ያ ቴፕ የምትለው ዕቃ የሚመጣው በዚህ መካከል ነው።

የሆነው ሆኖ እሺ ብለዋል። በምን እንደተስማሙ አትጠይቀኝ። ለጥምቀት ና፤ አክብረህ ትሰነብታለህ። የሚነግሩህን ግን ከተማሪዎችህ ጆሮ አታውጣው። ይህን የምልህ እንደ ወንድም ብቻ አይደለም።

ገብረሰንበት


አዲስ አበባ
የካቲት 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

አያ፣

በደህና ገብቻለሁ። ዕቃው በመንገድ ተሰብሮ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ አልተሰበረም። እስከ ቡሬ በበቅሎ፣ ከቡሬ ወዲህ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቅፌው መጣሁ። ጎኔ የተቀመጠች ሴት «ምን ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ድምፃችን በእርግጥ አለ ወይ?» ብለው ለጠየቁት ሽማግሌዎችም ይንገሩልኝ፤ አለ። ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ አሰማሁት። መጀመሪያ አባባ ክንዱ ስለ ሙሽራ አስቀር ማሳ የሚናገሩትን ነው የከፈትኩት። የከተማ ልጆች ናቸውና በአነጋገራቸው ሳቁ። በቅሎዋ በረግረጉ ውስጥ ስትሰጥም፣ ሙሽራይቱ «እኔን ተዉኝ፣ በቅሎዋን አውጡ» ስትል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣ አንድ ተማሪ ሳልጠራው ተነሥቶ «እኛም አገር እንዲህ ያለ ማሳ አለ» አለና አፍሮ ተቀመጠ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር እንደዚያ ቀን ሆኖልኝ አያውቅም።

ፕሮጀክተሩ ብዙ አልቆየም። የፈጠምን ገደል ግድግዳው ላይ አውጥቶ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ስናይ፣ አምፖሉ ጧ ብሎ ተቃጠለ። ለአንድ አምፖል ለኮሚቴው አዲስ ማመልከቻ መጻፍ አለብኝ፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው ከፋሲካ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ በግ ጅራቴ ተመልሻለሁ።

አባባ ክንዱ «ይህን ዕቃ አጥፋልኝ» ብለው ስላጫወቱን፣ ከገደሉ ሥር ስላለው ስለዚያ ማሳ መጨነቅዎ ይገባኛል። በርግጥ አጥፍቼው ነበር። በቴፑ ውስጥ የለም። ወረቀት ላይም አላሰፈርኩትም፤ እዚህም ስሙን አልጽፈውም። ያን ዕለት ዋርካው ሥር ከነበርነው ሰዎች በቀር ከእኔ አፍ የሚሰማው አይኖርም።

አንድ ነገር ግን ልቤን ከብዶታል። ልነሣ ስል እህተ ማርያም ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ እሺ ያሉት እርስዎ በክህነትዎ ቃል ገብተው «በወንድሜ በኩል ለሚመጣ ጉዳት የምጠየቀው እኔ ነኝ» ስላሏቸው ነው አለችኝ። ለምን ደበቁኝ? ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር። ለዚህም ይሆናል የደበቁኝ።

ስለ ሥራዬ ከማንም የመጣብኝ ነገር እንዳለ ጠይቀዋል። የለም። ሁሉም ደህና ነው።

ይሄይስ


ከፈጠም ማዶ
ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይሄይስ፣

ዛሬ ሰላምታው አልመጣልኝም። ነገሩን ልንገርህ።

ገማቾቹ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መጡ። ጠመንጃ የያዘ ነጭ ለባሽ ተከትሏቸዋል። ሰዉን ሜዳው ላይ ሰበሰቡና ጸሐፊው ቆሞ መጥራት ጀመረ። እኛ የሰው ስም የሚጠራ መስሎን ነበር። እሱ ግን የጠራው የማሳ ስም ነው። «ሙሽራ አስቀር የማን ነው?» «ዳኛ የተኛበት የማን ነው?» «ማር ውሃ የማን ነው?» ከሩቅ አገር የመጣ ሰው፣ እዚህ ተወልዶ እንዳደገ ሁሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ባለቤቶቹ እየተጎተቱ እጃቸውን አወጡ፤ ምን ያድርጉ?

በመጨረሻ «አትንገር የማን ነው?» አለ።

አትንገርን! አንተ በደብዳቤ እንኳ ስሙን ያልጻፍከውን። የክንዱ እናት በክፉ ዘመን ከገደሉ ሥር መንጥረው ያወጡትን፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን፣ ስሙንም ለዚሁ ብለው ያወጡለትን። ጸሐፊው ደግሞ ጠራው። ትንፍሽ ያለ የለም። ክንዱ ጸሐፊውን አላዩትም። ያዩት እኔን ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገራችን ሁሉ ተለውጧል። የንስሐ ልጆቼ አንድ በአንድ እየመጡ «አባ፣ እኛ ለጎረቤቱ ደብር፣ ለሽንዲው ቄስ ልንሆን ነው፤ አይቀየሙን» ይሉኛል። መጥተው የሚነግሩኝ ጨዋዎቹ ናቸው፤ ሌሎቹ እንዲሁ ቀርተዋል። እህተ ማርያም ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሣሉ። ትናንት «ጠዋት ጠዋት መሄዱን ልተወው፤ ፀሐይ ሲከር ሰው የለም» አለችኝ።

ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ጉዳቱ መጥቷል፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይህን አላማርርም። አንተን ግን አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅሃለሁ። የምትመልስልኝን እንዳለ አምናለሁ፣ ደግሜም አልጠይቅህም።

ሰጥተሃቸዋል?

ገብረሰንበት


አዲስ አበባ
ግንቦት 16 ቀን 1960 ዓ.ም.

አያ፣ አልሰጠሁም።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ የደበቅሁዎን ልንገርዎ። በየካቲት ሁሉም ደህና ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ እንዳያስቡ ብዬ ነው እንጂ ደህና አልነበረም። ከእናንተ ዘንድ በተመለስኩ በሳምንቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ትሑቶች ናቸው፤ ተነሥተው ነው የጨበጡኝ። ስለ ጥናቴ ሰምተው እንደተደሰቱ፣ ቴፖቹንና የማሳዎቹን ዝርዝር ለጥቂት ቀን ብሰጣቸው አገር እንደሚጠቀም ነገሩኝ። ጥናቱ አላለቀም ብዬ ሸኘኋቸው። በመጋቢት እንደገና መጡ። ያኔ አልሰጥም አልኩ።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ሰብሳቢው በር ዘጉ።

«አቶ ይሄይስ፣ ጥናቱ የተሠራው በዩኒቨርሲቲው ድጎማ ነው። ቴፑም የዩኒቨርሲቲው ነው።»

«ቴፑ የዩኒቨርሲቲው ነው። ድምፁ ግን የሰዎቹ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ድምፁን አስቀርና ቴፑን መልስልን» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እርሳቸውንም የሚጠይቃቸው አለ። በሳምንቱ ግን የቀረው ድጎማ መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዘንድሮ ይደርስሃል የተባልኩት ዕድገትም ለከርሞ ተብሏል። የአምፖሉን ማመልከቻማ ያነሣው ሰው የለም።

ቴፖቹ ከቁም ሣጥኔ አልወጡም፣ ቁልፉም ከኪሴ አልወጣም። አትንገር ደግሞ መጀመሪያም በቴፑ ውስጥ የለም። ያን ስም የሰጠ ሰው ያን ዕለት ከእኛ ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ጸሐፊው የጠራቸው ሌሎቹም ስሞች ያን ዕለት የተነገሩት ናቸው።

አያ፣ እመጣለሁ። ፈተና እንዳለቀ እነሣለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ፣ ወንጌል ጨብጬ፣ በሁሉም ፊት እምላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁትን ይጠይቁ። እርስዎም የንስሐ ልጆችዎ ይመለሱልዎታል፤ እህተ ማርያምም በጠዋት ውሃዋን ትቀዳለች።

ይሄይስ


ከፈጠም ማዶ
ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ አነበብኩት፣ ደስ አለኝ። አትምጣ።

እንዳልሰጠሃቸው አምናለሁ። ማመን ብቻ አይደለም፣ አውቃለሁ። ያወቅሁት ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ነው። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቀኝ። ይህን ያህል መጻፌም በዝቷል።

ሽማግሌው ክንዱ ሰሞኑን ከሽንዲ ገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው አገኙኝ። ከበቅሎዬ ወረድኩ። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«አባ፣ ስንት ዓመት ሲያስተምሩኝ ኖረዋል። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ወንድምዎ ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው።

«ማን ነው ታዲያ?»

ዝም አልኩ።

«ያውቃሉ?»

ፊቴን አይተው ማወቄን ሳይረዱት አልቀሩም፤ ግን በሌላ ተረጎሙት። ራሳቸውን እየነቀነቁ «ወንድም ነው፤ ምን ይበሉ» አሉኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አዝነውልኝ ሄዱ።

አሁን ረጋ ብለህ ስማኝ። ብትምል ያምኑሃል፤ ይህን አውቃለሁ። ካመኑህ ግን እንደ ክንዱ «ማን ነው ታዲያ?» ይላሉ። ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ጥቂት ነው። አንዱን ከሌላው ለይተው እስኪያወጡ ፀሐይ አትጠልቅም። አገሩ እንደምታውቀው አይደለም። ሰዉ ጠመንጃውን እየወለወለ ነው። ወደ ደጋ ዳሞት ወገን ተኩስ አለ ይባላል፤ ገማች ያስገባ የተባለ ሰው ቤቱ መቃጠሉንም ሰምተናል። ያ ሰው ጎጆ አለው፣ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። የአንተ ቤት ከዚህ ሩቅ ነው፤ ማንም አያቃጥለውም።

ከአንተ የምፈልገው ስምህን ነው። እዚህ ያለውን ስምህን ተውልኝ፤ ይቆሽሽ። በእሱ አንድ ቤተሰብ ይተርፍበታል። ልጠይቅህ የማይገባኝ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። በእኔ ላይ ያለው ይበቃ እንደሆነ ብዬ ነበር፤ አልበቃም።

ገብረሰንበት


አዲስ አበባ
ሐምሌ 9 ቀን 1960 ዓ.ም.

አያ፣

እየጻፍኩ የቀደድኩት ከላክሁልዎ ይበልጣል። በአንዱ ላይ «እንዴት አወቁ?» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ቄስ መሆንዎ ትዝ አለኝ። ሰው ለንስሐ አባቱ የሚነግረውን ወንድም አይጠይቅም። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ተናድጄብዎ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። አልሰጥም ብዬ ድጎማዬን አጥቻለሁ፣ ዕድገቴን አጥቻለሁ፤ ሰጠ ተብዬ ደግሞ አገሬን ላጣ ነው። የትኛውም ሰው ከሁለቱ አንዱ ይደርሰዋል እንጂ ሁለቱም እንዴት ይደርሱታል? ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዋርካው ሥር የነበሩትን ፊታቸውን እያስታወስኩ አንዱን ስጠላ፣ አንዱን ስተው ሰነበትኩ። ከዚያ እሱም ሰለቸኝ። ሁሉም ያን ቀን እንጀራ አቅርበውልኝ ነበር።

ለደስታነሽ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ሰማችኝና «ታዲያ ከእንግዲህ አገርህ አትገባም ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ማለት አልቻልኩም። ልብሱን ተቀብያት አብሬ ማጠፍ ጀመርኩ።

ስለ ቴፖቹ ምን እንዳደረግሁ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ዕቃውን የምመልስበትን ቀን ቆርጠው ነበር። በዋዜማው፣ ተማሪዎቹ ለክረምት ከሄዱ በኋላ፣ ባዶውን ክፍል ከፍቼ ገባሁ። ድምፅ ለማጥፋት ምንም ሳይናገሩ በላዩ እንደገና መቅዳት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ የክፍሉን ዝምታ በእነሱ ድምፅ ላይ ቀዳሁ። ውጭ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱ ወሬ ትንሽ ትንሽ ሳይገባበት አልቀረም። አባባ ክንዱ ያሉበት ላይ ስደርስ አቆምኩና ሰማኋቸው። ይስቁ ነበር። ከዚያ ቀጠልኩ።

ለኮሚቴው «ጥናቱ አልተሳካም» ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢው አንብበው፣ ቀና ብለው አዩኝና «ድምፁን በእርግጥ አስቀረኸው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ምን እንደምንነጋገር ስላላወቅን ስለ ዝናቡ ተነጋገርን።

ቴፕ ሪከርደሩና ፕሮጀክተሩ ለቋንቋ ክፍል ተላልፈዋል። የክረምት ተማሪዎች የፈረንጅ ድምፅ እየተከተሉ ሲደግሙ በኮሪደሩ ሳልፍ እሰማለሁ። አምፖል ገዝተውለታል።

እንግዲህ ስሜን ወስደዋል። እሺ፤ ይውሰዱት። በደስታ ሰጠኝ ብለው ግን አያስቡ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሌላው ሰው ያሻውን ይበል። አባባ ክንዱ ብቻ፣ እርሳቸው ብቻ እንዳልሆንኩ የሚያውቁበት አንድ መንገድ ካለ ይፈልጉልኝ።

ይሄይስ


ከፈጠም ማዶ
ጥቅምት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ወንድሜ ይሄይስ፣

ክረምቱን በሙሉ ዝም ያልኩብህ መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ ቀርቶ ስለነበር ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የላክሃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል። እህተ ማርያም ደህና ናት። ገማቾቹ አልተመለሱም፤ ግብሩ ቀርቷል የሚሉ አሉ፣ ይመለሳል የሚሉም አሉ። ወደ ጫካ የገቡት ለአዝመራው እየተመለሱ ነው።

ስለ ሽማግሌው ክንዱ ለጠየቅኸኝ ከዚህ በላይ ማቆየት አልችልም።

በሰኔ መጨረሻ ፍኖተ ሰላም ወስደው አስረዋቸው ነበር። አትንገር የእኔ ነው ብለው አልፈርምም ስላሉ ነው። የእኔ አይደለም አላሉም፣ የእኔ ነውም አላሉም፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። በነሐሴ ፈቷቸው። ደረታቸውን ይዘው፣ በቃሬዛ ነው የገቡት።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወለተ ሥላሴ በሩን ሞልታ ቆመች።

«አባ፣ ይመለሱ። ተኝተዋል» አለችኝ።

ከውስጥ «ማን ነው?» አሉ። ድምፃቸው አልጠፋኝም፣ ግን አንሷል።

«ቄሱ ናቸው።»

«ሊነግሩኝ ከመጡ ይግቡ» አሉ።

ወለተ ሥላሴ ከበሩ ገለል አለችልኝ። እዚያ ደፍ ላይ ቆምኩ። አንተ የለመንከኝን አሰብኩ። ሰውየው ሊሞቱ ነው፤ ለማንም አይናገሩም፤ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ማን ይጎዳል? እንዲህ እያልኩ ቆምኩ። እግሬን አንሥቼ ነበር። አልቻልኩም፣ ይሄይስ። አንድ ጊዜ የተቀበልኩት ቃል የእኔ አይደለም፤ ለሚሞት ሰውም አልሰጠውም። «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብዬ ከደጅ ተመለስኩ። ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

በመስከረም መጨረሻ አረፉ። ለፍትሐቱ የሽንዲውን ቄስ አስመጡ። ወለተ ሥላሴ ሰው ልካ «አባ ዛሬ ከቤት ይዋሉልን» አለችኝ። እኔ በማገለግልበት ደብር፣ ክርስትና ያነሣኋቸው ልጆቻቸው እያሉ። አልፈርድባትም።

ከቤት አልዋልኩም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከግራሮቹ በኩል ቆሜ ፍትሐቱን በለሆሳስ ተከተልኩ። የሽንዲው ቄስ ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ሲዘል ሞላሁለት። ያ የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ነበር፣ ከመሄዱ በፊት የሚያበረታው።

ቀብሩ ሲያልቅ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲሄድ፣ አንድ ሰው ወደኋላ ቀርቶ ቅጥሩን ዞሮ መጣ። ስሙን አልጽፍልህም። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበረ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ጎንበስ አለና መስቀሌን ለመሳለም ጠበቀ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ልከለክለው ፈለግሁ። የአንተን ስም አሰብኩ። ከዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ «ይግቡ» ያለኝን ድምፅ አሰብኩ። እጄ ከጋቢዬ ሥር መስቀሉን እንደያዘ አልወጣ አለኝ። እሱም ቀና አላለም። ዝናቡ በጀርባው እየወረደ፣ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ አወጣሁ። ግንባሩን አስነካሁት፣ አፉን አስነካሁት። ሄደ።

እሑድ እሑድ እቀድሳለሁ። ሰዉ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሲያልቅ ወደ በሩ ይሄዳል። ከቤቴ ሰዎች በቀር መስቀሌን የሚሳለም አሁን እሱ ብቻ ነው።

ወንድምህ ገብረሰንበት